የካፒቴን አሜሪካን የጦር ሜዳ አክሽን ፊገር በ1፡6 መጠን መሥራት፦ ከባዶው አካል እስከ ጋሻው

አብዛኛው ሰው ይህን ሥራ ከቀለም ይጀምረዋል፤ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። የተቀባው ጭንቅላት ሳምንታት አልፈውም እጅ ላይ ይጣበቃል። ጃኬቱ ሲለብስ ክንዱ አይታጠፍም። የጨርቁ ሰማያዊ ቀለም ለቆ አካሉን ያበላሻል። ጋሻው ላይ ቀዩ ቀለም ከቴፑ ሥር ሰርጎ ነጩን ቀለበት ይበላዋል። እነዚህ ሁሉ የእጅ ችሎታ ማነስ ያመጣቸው አይደሉም፤ ምንጫቸው የተዘለለ ዝግጅትና የተዛነፈ ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተጻፉበት ተራ ሂዱ፤ በተለይ ማጠቢያውንና መሞከሪያውን አትዝለሉ።

የምንሠራው 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ የጨርቅ ልብስ የለበሰ፣ መገጣጠሚያዎቹ የሚንቀሳቀሱ ፊገር ነው። ስቲቭ ሮጀርስ፣ ማለትም ካፒቴን አሜሪካ፣ በኮሚኩ (በሥዕላዊ የታሪክ መጽሔቱ) 188 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ6 ሲካፈል 31.3 ይሆናል። በመጠኑ በብዛት የሚገኘው 30 ሴንቲ ሜትር አካል የ180 ሴንቲ ሜትር ሰው ነውና ካጣችሁ እሱም ይሠራል።

## ከመጀመር በፊት፦ ዓመቱን ቁረጡ

ፊገሩን ያየ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ እግረኛ ወታደር መሆኑን፣ ደግሞም ካፒቴን አሜሪካ መሆኑን። የገጸ ባህሪውን ምልክቶች በአራት ወስኑ፦ ሄልሜቱ ላይ ያለው የ«ኤ» ፊደል ከጎን ክንፎቹ ጋር፣ ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ኮከብ፣ ወገቡ ላይ ያሉት ቀይና ነጭ ሰንበሮች፣ እና ጋሻው። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የእውነተኛ ወታደር ዕቃ ይሁን። አምስተኛና ስድስተኛ ምልክት በተጨመረ ቁጥር ወታደሩ እየጠፋ የበዓል ልብስ የለበሰ ሰው ይቀራል።

ዕቃዎቹ የአንድ ዘመን መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 የሚታየው ወታደር አጭሩን ኤም1941 ጃኬት፣ ዝቅ ያለ ቡናማ ጫማና የሸራ ገምባሌ ያደርጋል። ረጅሙ ኤም1943 ጃኬትና ሁለት ዘለበት ያለው ቦት ጫማ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ደንቡ ቀላል ነው፦ አሮጌ ዕቃ በኋለኛው ዓመት ሊታይ ይችላል፤ አዲስ ዕቃ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ይህ መመሪያ 1943ን ይዞ ይሄዳል።

የጋሻውንም ቅርጽ አሁን ወስኑ። ሽፋኑ ላይ 1941 የሚል ቀን ባለው የመጀመሪያ እትም ጋሻው ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ክብ ሆነ። እዚህ የምንሠራው ክቡን ነው።

## የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በ1፡6 መጠን የተሠራ ባለ ጡንቻ አካል፣ ከመለዋወጫ እጆች ጋር፤ ቢያንስ አንድ ጥንድ ለመጨበጥ የሚሆን
- ረጋ ያለ ገጽታ ያለው የፒቪሲ (ለስላሳ ፕላስቲክ) ጭንቅላት፤ ቁመቱ ከ38 እስከ 40 ሚሊ ሜትር
- ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ፑቲ (ሲቀላቀል የሚጠነክር ሊጥ)
- በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ የቆዳ ቀለም፣ ብርማ
- በውሃ የሚቀጥን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ)፣ ማት (የማያንጸባርቅ) እና አንጸባራቂ ቨርኒሽ
- የጨርቅ ቀለምና ለጥጥ የተሠራ ማቅለሚያ
- ስስ፣ ሽመናው የጠበቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ግማሽ ሜትር
- ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጥጥ ጥብጣብ፣ በ1፡6 መጠን የተሠሩ ዘለበቶች
- የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 220፣ 400፣ 600 እና 1000
- በእጅ የሚሽከረከር ትንሽ ትራፓኖ ከ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጋር፣ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ
- ወረንጦ፣ ስለታም ቢላ፣ ካሊፐር (ትናንሽ ልኬቶችን የሚለካ መሣሪያ)፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ ክብ የሚቆርጥ ኮምፓስ
- ሱፐር ግሉ፣ የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ ማጣበቂያ፣ ነጭ የፒቪኤ ሙጫ
- የአቧራ ጭንብል፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ

ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከጠመንጃው ቆጥቡ እንጂ ከአካሉ አትቆጥቡ። የላላ አካል ላይ የተሠራ ጥሩ ልብስ ቆሞ አይታይም።

## ደረጃ 1፦ መፍታትና ማጠብ

1. ጭንቅላቱን፣ እጆቹንና እግሮቹን ንቀሉ። ጭንቅላቱ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል ንከሩትና በጓንት እያወዛወዛችሁ አውጡት። በቀዝቃዛው የሚጎትት ሰው የአንገቱን መሰኪያ ይሰብራል።
2. ሁሉንም ክፍል ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ከፋብሪካው ቅርጽ የሚቀረው ዘይት ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል።
3. አንድ ሌሊት አድርቁ። መገጣጠሚያ ውስጥ የተደበቀ ውሃ ቀለም ከተቀባ በኋላ ይወጣል።
4. ከዚህ በኋላ ቀለም የሚነካውን ክፍል በጓንት ብቻ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ አሴቶን የአካሉን ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ማለትም ኤቢኤስን፣ ያሟሟል። አሮጌ ቀለም ማንሳት ካለባችሁ አልኮል ተጠቀሙ፤ እሱንም መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት።

መገጣጠሚያ ከላላ፦ አሁኑኑ አጥብቁት፤ ልብስ ከለበሰ በኋላ አይደረስበትም። መሰኪያው ላይ ስስ የአክሪሊክ ቨርኒሽ ቀቡ፣ አንድ ቀን አቆዩ፣ መልሳችሁ ሰኩ፣ ካልበቃው ድገሙ። በሱፐር ግሉ የምታደርጉት ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትሰኩት፤ ክንዱ በዚያው ተጣብቆ ይቀራል።

## ደረጃ 2፦ ጭንቅላትና ጭንብል

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለን፦ ከፋብሪካ የመጣው የፊት ቀለም ጥሩ ከሆነ አትንኩት። ጭንብሉ የፊቱን ግማሽ ይሸፍናል፤ የሚታየው አፍ፣ አገጭና ዓይን ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንገቱን አስተካክሉ። የፒቪሲ ጭንቅላት አንገት ላይ ሲገባ ይለጠጣል፤ ፑቲው ግን ደረቅ ስለሆነ አይለጠጥም። ጭንብሉ ከተሠራ በኋላ ጭንቅላቱን ተጭኖ ማስገባት ጭንብሉን ከጆሮ ጀርባ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ፑቲ ከመንካታችሁ በፊት የጭንቅላቱን የውስጥ ቀዳዳ በቢላና በብርጭቆ ወረቀት እየሞረዳችሁ ያለ ኃይል ገብቶ እስኪወጣ አስፉት።

ከዚያ ቦታውን ለኩ። እውነተኛው ኤም 1 ሄልሜት፣ ማለትም የአሜሪካ ወታደሮች የብረት ቆብ፣ ወደ 279 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 241 ስፋትና 178 ጥልቀት አለው። በ1፡6 ከ46 እስከ 47፣ 40 እና 30 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሄልሜቱን ጭንቅላቱ ላይ አድርጉና ዙሪያውን እዩ፤ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለ ጭንብሉን ሄልሜቱ ከሚጀምርበት በላይ አትሥሩት። የማይታይ ቦታ ላይ ፑቲ ማባከን ሄልሜቱን ከፍ አድርጎ እንጉዳይ ያስመስለዋል። የጭንብሉን ክንፎችም በፑቲ አትቅረጹ፤ ሄልሜቱ ጎን ላይ በቀለም ይሳላሉ።

1. ጭንብሉ የሚያርፍበትን ቆዳ በ400 ቁጥር አሻክሩ፣ እንደገና እጠቡ፣ አድርቁ።
2. የፑቲውን ሁለት ክፍል እኩል በእኩል ወስዳችሁ ቀለሙ አንድ ወጥ እስኪሆን እሹ። የቀለም መስመር ከቀረበት ያ ቦታ አይጠነክርም።
3. ተለጣፊነቱ እስኪቀንስ 20 ደቂቃ ያህል ተዉት። በሁለት ላስቲክ መካከል አድርጋችሁ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ዳምጡት። በመጠኑ 0.7 ማለት በእውነቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቆዳ ነው፤ ከዚህ ከወፈረ ጭንቅላቱ ያብጣል።
4. ፊቱ ላይ አንጥፉ፣ ከአፍንጫው ጫፍ ወደ ጉንጭ በእርጥብ ጣት አለስልሱ። አየር ካበጠበት በመርፌ ወግታችሁ ተጫኑት።
5. የዓይኑን ቀዳዳ ወዲያው አትቁረጡ። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ጠንከር ሲል በአዲስ ቢላ ቁረጡ፤ ቶሎ የተቆረጠ ይጎተታል፣ በጣም የዘገየ ይፈረካከሳል።
6. 24 ሰዓት አቆዩ። ከዚያ በ600 እና በ1000 ቁጥር በውሃ እያራሳችሁ ሞርዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ የፑቲና የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው። በደረቁ አትሞርዱ፤ በውሃ እየሠራችሁም የአቧራ ጭንብል አድርጉ።

የጭንብሉ ጠርዝ ከተነሣ፦ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ሱፐር ግሉ አስገቡና ተጫኑት። ከግማሽ በላይ ከተነሣ ግን መታጠቡ ወይም መሻከሩ አልበቃም ማለት ነው፤ ልጣችሁ ድገሙ።

### ቀለሙ ለምን አይደርቅም?

ፒቪሲ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ንጥረ ነገር ከጊዜ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ኢናሜል ቀለምና ብዙ የሚረጩ ቀለሞች ከዚህ ጋር ሲገናኙ ለዘለቄታው ተለጣፊ ሆነው ይቀራሉ። መጠበቅ አያድናቸውም፤ ላዩ ላይ ቨርኒሽ መደረብም አያድናቸውም። በውሃ የሚቀጥን ፕራይመርና አክሪሊክ ተጠቀሙ፤ የፕራይመሩን ጠብታም መጀመሪያ በአንገቱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሩና 48 ሰዓት ቆይታችሁ በጣት ንኩት። ከተጣበቀ ሌላ ፕራይመር ፈልጉ። ጭንቅላቱ ቀድሞ ከተበላሸባችሁ ቀለሙን በአልኮል አንሱ፣ በሳሙና እጠቡ፣ ከፕራይመሩ ጀምሩ።

### መቀባት

ቀለሙን በውሃ አቅጥኑና አራት ወይም አምስት እጅ ቀቡ፤ አንዱ እጅ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቡ። የመጀመሪያው እጅ ዥጉርጉር ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ፤ በአንድ ወፍራም እጅ ለመሸፈን መሞከር ነው የብሩሽ መስመር የሚተወውና የፊቱን ቅርጽ የሚደፍነው።

ለጭንብሉ ንጹሕ ሰማያዊ አትጠቀሙ። ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ግራጫ ቀላቅሉበት። በትንሽ ዕቃ ላይ ደማቅ ቀለም ከመጠን በላይ ይጮኻል።

ዓይን መሳል ካለባችሁ በዚህ ተራ ሂዱ፦ መጀመሪያ ነጩን፣ ግን ጥቂት ግራጫ ጨምራችሁ፤ ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰማያዊ ክብ፤ ከዚያ ጥቁሩ ብሌን፤ በመጨረሻ ከላይ ያለው የሽፋሽፍት መስመር። የላይኛው ቆብ የክቡን ጫፍ መሸፈን አለበት፤ ሙሉ ክብ ከታየ ገጸ ባህሪው የደነገጠ ይመስላል። የሚከብዳችሁን ጎን አስቀድሙ፤ ቀላሉን ዓይን ከከባዱ ጋር ማስተካከል ይቻላል፣ ተቃራኒው ግን ያስቸግራል። ጭንቅላቱ ሁሉ ማት ቨርኒሽ ከተቀባ በኋላ ዓይኑ ላይ ብቻ አንድ ጠብታ አንጸባራቂ አኑሩ።

## ደረጃ 3፦ ልብሱ

### ጨርቅ መምረጥ

የጨርቁን ውፍረት በ6 አባዙ። 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ጥጥ በእውነተኛ ሰው ላይ 1.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ሸራ ነው። 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ጂንስ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሰው ክንዱን አያጥፍም። በእጃችሁ ያለው ጨርቅ ስስ መስሎ ከታያችሁ ትክክለኛው እሱ ነው። ገበር አትጨምሩ።

### ማቅለም

1. ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ የሚኮማተረው አሁን ይኮማተር።
2. ከመስፋታችሁ በፊት አቅልሙ። የጥጥ ማቅለሚያ የፖሊስተር ክርን ስለማይዝ የተሰፋ ጃኬት ስታቀልሙ ስፌቱ ነጭ ሆኖ ያፈጣል። ክሩን ሰማያዊ ግዙ።
3. ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግማችሁ እጠቡ።
4. ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ ላዩ ላይ በሙቅ ካውያ ተጫኑ። ነጩ ጨርቅ ሰማያዊ ከነካው ገና ይለቃል፤ ወደ ማጠቢያው መልሱት።

ይህን ሙከራ የዘለለ ሰው ከወራት በኋላ ልብሱን ሲያወልቅ የአካሉ ቆዳ ሰማያዊ ሆኖ ያገኘዋል። ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ማቅለሚያ ታጥቦ አይወጣም። ሙከራውን ቢያልፍም ደረትና ክንዱን በስስ ነጭ የናይሎን ካልሲ ሸፍኑ።

### ኮከቡንና ሰንበሮቹን ቀድሞ መቀባት

ምልክቶቹን ጨርቁ ገና ጠፍጣፋ እያለ ቀቡ። ከተሰፋ በኋላ ደረቱ ስለሚጎብጥ ኮከቡ ይጣመማል።

ኮከቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ 33 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሰንበሮቹ እያንዳንዳቸው 8 ሚሊ ሜትር ሆነው ከደረቱ በታች ወደ ወገብ ይወርዳሉ። ከተለጣፊ ወረቀት ቅርጹን ቁረጡ፣ ጨርቁ ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ ከሞላ ጎደል ደረቅ በሆነ ስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ ቀቡ። ብሩሽ አትጎትቱ፤ ቀለሙን ከወረቀቱ ሥር ይገፋዋል። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ቀይ በቀጥታ ከተቀባ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ሰንበሮቹን ሁሉ መጀመሪያ ነጭ ቀቡ፣ ቀዩን ከላይ አድርጉ። ሲደርቅ ሌላ ጨርቅ ደርባችሁ በካውያ አሙቁት።

ማስታወስ ያለባችሁ ነገር፦ የጃኬቱ ፊት ለሁለት የተከፈለ ነው። ኮከቡ መዝጊያው ላይ ስለሚያርፍ የግራውንና የቀኙን ክፍል እንደሚዘጉበት አደራርባችሁ በቴፕ ያዙና አንድ ላይ ቀቡ።

### መስፋት

1. ንድፉን ከወረቀት ሥሩና አካሉ ላይ በቴፕ ሞክሩት፤ ክንዱን አንሱ፣ ክርኑን እጠፉ፣ አስቀምጡት። ብብቱ ላይ ከተወጠረ እዚያ 3 ሚሊ ሜትር ጨምሩ።
2. የስፌት ትርፍ 4 ሚሊ ሜትር ተዉ፤ ኮሌታው ላይ ከተሰፋ በኋላ ወደ 2 ቀንሱት።
3. ጠርዞቹን ሁሉ በውሃ በቀጠነ ፒቪኤ ቀቡ። እንዲህ ያለ ጠባብ ትርፍ ካልተቀባ በአንድ ቀን ይተረተራል።
4. የስፌት መኪና ከሆነ ቁጥር 60 ወይም 70 መርፌ፣ የስፌቱ ርዝመት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር።
5. ትከሻውን ስፉ፣ እጅጌውን ገና ጠፍጣፋ እያለ ትከሻው ላይ ስፉ፤ ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ ተነሥታችሁ በብብት በኩል እስከ ጃኬቱ ታችኛው ጠርዝ በአንድ ጉዞ ዝጉ። እንደ ትልቅ ልብስ መጀመሪያ ጎኑን ዘግታችሁ ኋላ እጅጌ ልክተት ካላችሁ የስፌት መኪናው እግር አይገባም።
6. ብብቱ ላይ ትርፉን እስከ ስፌቱ አጠገብ በመቀስ ሰንጥቁት። ይህ ካልተደረገ ክንዱ ሲወርድ ጨርቁ ይሰበሰባል።
7. ኤም1941 ዚፕና በላዩ የሚዘጋ ባለ ቁልፍ ሽፋን አለው። በዚህ መጠን እውነተኛ ዚፕ አታስገቡ፤ ደረቱን ያወፍረዋል። ሽፋኑን ሠርታችሁ ቁልፎቹን ላዩ ላይ ስፉ፣ መዝጊያውን በተደበቁ ሦስት ትናንሽ ሽብሎች አድርጉ። ቬልክሮ አትጠቀሙ፤ ያብጣል፣ ናይሎኑንም ይጎትታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሱፐር ግሉ በጥጥና በሱፍ ላይ ሲፈስ በኃይል ይሞቃል፤ ጣት ያቃጥላል፣ ሊጨስም ይችላል። ለጨርቅ ፒቪኤ ወይም የጨርቅ ሙጫ ብቻ።

ሱሪውን ወታደራዊ ተዉት፤ ወደ ቡኒ የሚያደላ የወይራ አረንጓዴ። ሱሪውም ሰማያዊ ከሆነ ወታደሩ ይጠፋል።

## ደረጃ 4፦ ትጥቅና መሣሪያ

ቀበቶውን ከጥብጣቡ ሥሩ፤ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ካኪ ይሁን። ጠመንጃ የምታስይዙት ከሆነ ዝናሩ አሥር ኪስ ያስፈልገዋል፤ የጋራንድ ጠመንጃ ዝናር እያንዳንዱ ኪስ የ8 ጥይት መያዣ ይይዛል። ሽጉጥ ብቻ ከሆነ ተራው የሽጉጥ ቀበቶ ከቡናማ የቆዳ ማኅደር ጋር ይበቃል። ለዚህ ገጸ ባህሪ ሁለተኛው ይሻላል ብለን እናምናለን፦ ጋሻው በግራ ክንዱ ላይ ሲሆን ትልቅ ዝናር ከጋሻው ጠርዝ ጋር ይጋጫል።

በሌላ መጠን የተሠራ መሣሪያ በቀላሉ ይሸውዳልና በካሊፐር አረጋግጡ፦

- ኤም1911 ሽጉጥ፦ 36 ሚሊ ሜትር
- ቶምሰን ኤም1ኤ1፦ 135 ሚሊ ሜትር ገደማ
- ኤም 1 ጋራንድ፦ 184 ሚሊ ሜትር ገደማ

ብረቱን በጥቁር ግራጫ ቀቡና ጠርዙን በእርሳስ ብናኝ በጣት አሹት። እጀታው ላይ ፈዛዛ ቡኒ፣ በላዩ የቀጠነ ጥቁር ቡኒ፤ ይኸው ነው።

ሄልሜቱ ላይ የእውነተኛው ገጽ ሻካራ ስለነበር ፕራይመሩ ሊደርቅ ሲል በደረቅ ብሩሽ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ሰማያዊውን ቀቡ፣ የ«ኤ» ፊደሉንና የጎን ክንፎቹን በነጭ፣ በቅርጽ ማውጫ ወረቀት። የአገጭ ማሰሪያውን ቀለበት በ1943 እንደነበረው የማይንቀሳቀሰውን አድርጉት ወይም ጨርሶ ሳትነኩት ተዉት።

## ደረጃ 5፦ ጋሻው

በኮሚኩ የጋሻው ስፋት ሁለት ጫማ ተኩል፣ ማለትም 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1፡6 መጠን 127 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ጎብጠት ያለው ስስ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ክዳን ከ125 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ መሃሉ ላይ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ፈልጉ። ወፍራም ብረት ተዉት፤ ክብደቱ ከ40 ግራም ካለፈ የፊገሩ ክርን አይችለውም።

1. ጠርዙን በሞረድ አስተካክሉ፤ ገጹን በ400 ከዚያ በ600 ቁጥር ሞርዱ፣ እጠቡ።
2. መሃሉን ፈልጉ። ረጅም የወረቀት ጥብጣብ በጎብጠቱ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አጋድማችሁ ግማሹን ምልክት አድርጉ፤ በሦስት አቅጣጫ ድገሙ። ሦስቱ ምልክቶች የሚገናኙበት ነጥብ መሃሉ ነው። በዓይን የተገመተ መሃል ሁልጊዜ ያሳፍራል፤ አንዱ ቀለበት በአንድ በኩል ሰፍቶ ይታያል።
3. ቀለበቶቹን ከመሃል በራዲየስ አስምሩ፦ ሰማያዊው እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ ውስጠኛው ቀይ እስከ 38፣ ነጩ እስከ 51፣ ውጪያዊው ቀይ እስከ ጠርዙ።
4. ፕራይመር ቀቡ፣ ከዚያ ሁሉንም ነጭ አድርጉ። ሁለት ቀን አድርቁ። እዚህ መቸኮል ቀጥሎ የሚለጠፈው ቴፕ ነጩን ይዞ እንዲነሣ ያደርገዋል።
5. ቴፕ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ለጥፋችሁ በኮምፓሱ ነጩን ቀለበት ቁረጡ፤ ቀለበቱን በአራት ቆራርጣችሁ ጋሻው ላይ አንጥፉ። ሙሉ ቀለበት በጎብጣጣ ገጽ ላይ ይጨማደዳል። መሃሉን ክብ ሁሉ ሸፍኑ።
6. የቴፑን ጠርዝ እንደገና በነጭ ቀቡ። የሚሰርግ ቀለም ካለ ነጩ ይሰርግና ክፍተቱን ይደፍነዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቀይ መግቢያ ያጣል። ይህ አንድ እጅ ነው ንጹሕ ጋሻን ከተበላሸ ጋሻ የሚለየው።
7. ሲደርቅ ቀዩን በሦስት ስስ እጅ ቀቡ። በኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት በሚረጭ መሣሪያ) ከሆነ ከ1 እስከ 1.4 ባር ግፊት።
8. ቴፑን የመጨረሻው እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደነድን፣ ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ በዝግታ አንሱ።
9. ለኮከቡ አምስት ጫፍ ያለው ቴፕ ቁረጡ። በ25 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ክብ ውስጥ በጎረቤት ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ከ29 እስከ 29.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አምስቱንም በካሊፐር ለኩ። ነጩ መሃል ላይ ለጥፉት፣ ቀዩን ሸፍኑ፣ ጠርዞቹን ሁሉ በነጭ ዝጉ፣ ከዚያ ሰማያዊውን ቀቡ።
10. አንድ ሳምንት አቆዩና ቨርኒሽ ቀቡ። በእርጥብ አየር ቀን አትርጩ፤ ማት ቨርኒሽ ጉም የመሰለ ነጭ ሽፋን ይተዋል።

ቀዩ ነጩ ላይ ከሰረገ፦ በአልኮል አትጥረጉት፤ ነጩንም ያነሣዋል። ኮምፓሱን መልሳችሁ መስመሩን በነጭ ቀለም አስተካክሉ።

ቨርኒሹ ከነጣ፦ በደረቅና ሞቅ ባለ ቀን አንድ ስስ እጅ አንጸባራቂ ቨርኒሽ ቀቡበት፤ ብዙውን ጊዜ ይጠራል። ከዚያ ማቱን መልሱ።

ለመያዣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የቆዳ ጠፍሮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለክንድ፣ አንዱ ለጭብጥ። ማጣበቂያ ብቻውን አይችልም። በየጠፍሩ ጫፍ ከጋሻው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጋሻውን ሳትበሱ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ በ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ ክፈቱ፣ አጭር ሽቦ በኢፖክሲ አቁሙ፣ ጠፍሩን ሽቦው ላይ ወግታችሁ በኢፖክሲ ዝጉት። የክዳኑ ውፍረት ከ1.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አትቦርቡሩ፤ መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቁራጭ ለጥፉና እሱን ቦርቡሩ።

## ደረጃ 6፦ ማስረጀት

ጦር ሜዳ ላይ ያለ ሰው ንጹሕ አይደለም፤ ቆሻሻው ግን ምክንያት ይፈልጋል። ጭቃ ከታች ይጀምራል፦ ገምባሌና ጫማ በብዛት፣ ጉልበት በመጠኑ፣ ደረት በጥቂቱ። የፓስቴል ጠመኔ ፈግፍጋችሁ ብናኙን በብሩሽ አሹበት። ክርኑንና የኪሱን ጠርዝ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ አሹ።

ጋሻው ላይ ጭረት ስትሠሩ በተቆረጠ ስፖንጅ ጥቂት ብርማ ቀለም ጠርዙ ላይ ንኩ፤ መሃሉ ላይ ከሦስት ወይም ከአራት ጭረት አትለፉ። እዚህ ማቆም ያስቸግራል፤ ብዙ ጥሩ ሥራም የሚበላሸው በዚሁ ነው። ግማሽ የደረሰ ሲመስላችሁ ዕቃውን አስቀምጡና በማግስቱ እዩት።

## ደረጃ 7፦ ማልበስና ማቆም

ተራው ይህ ነው፦ የናይሎኑ ሽፋን፣ ሱሪ፣ ጫማ፣ ገምባሌ፣ ጃኬት፣ ቀበቶ፣ እጆች፣ ጭንቅላት፣ ሄልሜት፣ ጋሻ። እጆቹ ከጃኬቱ በኋላ የሚሰኩት እጅጌው ስለሚጠብ ነው። የእጅ መሰኪያ ከመግባቱ በፊት እጁን በፀጉር ማድረቂያ ለግማሽ ደቂቃ አሙቁት፤ የእጅ አንጓ መሰኪያ በዚህ ሥራ ውስጥ ቶሎ የሚሰበረው ክፍል ነው። ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ በ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ መሃሉን ብሱት፣ ትንሽ ጠመዝማዛ ሚስማር አስገብታችሁ በፒንሳ ሳቡት።

ጃኬቱ ካበጠ በውሃ ርጩት፣ እጥፋቶቹን በጣት ቅርጽ አስይዙ፣ በቀጭን ክር ወደ አካሉ አስራችሁ አንድ ሌሊት አድርቁ፤ በማግስቱ ክሩን ፍቱ።

በፀሐይ ፊት አታቁሙት፤ ቀዩ ይደበዝዛል። የጋሻውን ክንድ ለረጅም ጊዜ አንሥታችሁ አትተዉት፤ በተወጠረበት ቦታ ስፌቱ ይከፈታል፣ ትከሻውም ይላላል። በየጥቂት ወሩ ልብሱን ከፍታችሁ ከናይሎኑ ሥር ያለውን የአካሉን ቆዳ እዩ፤ ሰማያዊ ጥላ ከታየ ጃኬቱን አውጥታችሁ እንደገና እጠቡት።

ለራሳችሁ መደርደሪያ የሠራችሁት እንዲህ ነው፤ ለሽያጭ ማቅረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የገጸ ባህሪው መብት የአሳታሚው ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል።